አራሷ ትተኛ፤ ልብሱን ማን ይጠብ?

«ሕፃኑ ሲተኛ አብረሽ ተኚ።» ለአዲስ እናት ከሚለገሰው ምክር ሁሉ ይህን ያህል የሚደጋገም ያለ አይመስለኝም። ሐኪሙ ይላታል፤ ጎረቤቷ ትላታለች፤ በቲክቶክ ብቅ የሚሉ መካሪዎችም «ለራስሽ ጊዜ ስጪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ወጣ ብለሽ ተናፈሺ» ከሚለው ጋር አጅበው ይሏታል። በምክሩ ላይ ጠብ የለኝም። ግን ሕፃኑ ሲተኛ ቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቃት መካሪዎቹ አይጠይቁም። የተዘፈዘፈ የሽንት ጨርቅ አለ። ያልታጠበ ዕቃ አለ። በፈረቃ የምትመጣ ውኃ አለች፤ ጀሪካኑ ሁሉ እስኪሞላ አጠገቧ ካልተቆመ እንደገና የምትመጣበትን ቀን መጠበቅ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣ እንግዳም አለ፤ እሱ ደግሞ ቡና ሳይጠጣ አይወጣም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። አማካዩን 10 እንበልና እያንዳንዱ ማጥባት ግማሽ ሰዓት ይፍጅ። አምስት ሰዓት ሄደ። ማስገሳቱ፣ መለወጡ፣ እሹሩሩው ሲጨመርበት ሌላ ሦስት አራት ሰዓት ይሄዳል። ሌሊቱ በየሁለት ሰዓቱ ስለሚቆራረጥ የሚተርፈው እንቅልፍ ድካም የሚያወጣ ዓይነት አይደለም። ይህን ሁሉ የምታደርገው ደግሞ ገና ደም የሚፈሳት፣ ተሰፍታ ከሆነ ቁስሏ ያልጠገገ፣ ጡቷ የተወጠረ ሴት ናት። በኦፕራሲዮን ከወለደች ሆዷን ተቀድዳ የወጣች በሽተኛ ናት። አንጀት ተቀዶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ወንድ «ራስህን ተንከባከብ» ተብሎ ልብስ ሲያጥብ አላየንም።

ራስን መንከባከብ የሚለው ዘመነኛ ምክር በቅን ልብ የሚሰጥ ቢሆንም ሥራውን ዞሮ ለደከመችው ሴት ያሸክማታል። ካልተሻላት ጥፋቱ የእሷ ይመስላል፤ ውኃ አልጠጣችም፣ ለራሷ ጊዜ አልሰጠችም ይባላል። አራስ ራሷን እንድትንከባከብ አይጠበቅም ነበር፤ ሌላው ነው የሚንከባከባት። ይህን ቀደምቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር።

በብዙ አካባቢ የመጀመሪያ ልጇን የያዘች ሴት የመውለጃዋ ወር ሲቃረብ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ከወለደች በኋላ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይወረዳል፣ ቅቤው ይነጠራል። ውኃ ቅጅ፣ እንጨት ልቀሚ የሚላት የለም። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ቢላ ወይም ሌላ ብረት ትራሷ ሥር ይደረግላታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ሰይጣንና ክፉ ዓይን ይነሣሉ። ምክንያቱን ለያዘው እንተወውና ውጤቱን እንመልከት፦ ሌሊትም ቀንም ከአጠገቧ ሰው አለ። ደም ቢበዛባት የሚያይ፣ ትኩሳት ቢነሣባት የሚዳስስ፣ ሕፃኑን ተቀብሎ «ትንሽ አረፍ በይ» የሚላት ሰው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ቤት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን እስኪሞላና ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ፣ ሴቲቱ ከጾም ነፃ ናት፤ በሙስሊሙም ቤት እስከ 40 ቀን ድረስ ከጾምም ከሶላትም ነፃ ናት። ሃይማኖቱ የራሱ ምክንያት አለው፤ ለሰውነቷ ግን ሕግ ያጸናው ዕረፍት ሆኖላታል።

ምግቡም ቢሆን እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። የምታጠባ ሴት ከወትሮው በላይ በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልጋታል። ቅቤ የዋጠ ገንፎ፣ የአጃ አጥሚት፣ ተልባ ሲደጋገም ያን ጉድለት ይሞላል። አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች እናቶችን ወደ ተቋም ለመሳብ ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት የጀመሩት ያለ ነገር አይደለም። ሴቲቱ ከቤት ወጥታ ለመውለድ የምታመነታው ሐኪሙን ስለጠላች ሳይሆን እዚያ የሚያርሳት ስለሌለ መሆኑን የተረዳ ሰው ያመጣው ዘዴ ነው፤ እኔ በጣም እወድደዋለሁ።

ይህን ስል የድሮው ሁሉ ይመለስ ማለቴ አይደለም። እንገሩ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ሲታለብና ሲደፋ፣ ሕፃኑ ገና ሳይጠባ ቅቤ ሲልስ የኖረው በዚያው ቤት ነው። እንገር የሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በርና መስኮቱ ተዘግቶ ከሰል የሚጨስበት ክፍል እናትንም ልጅንም አፍኖ ሊገድል ይችላል። አንሶላዋን ሳትለቅ ሳምንታት የምትተኛዋም እግሯ ላይ ደም ሊረጋባት ስለሚችል ቀስ እያለች በቤቱ ውስጥ መራመድ አለባት። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «ብርድ ነው የመታት» የሚለው ፍርድ ነው። ከወሊድ በኋላ ባለው ሳምንት የሚነሣ ትኩሳት ብዙ ጊዜ የማሕፀን ኢንፌክሽን ነው፤ ጋቢ በተደራረበባት ቁጥር መድኃኒቷ እየዘገየ ይሄዳል። ደግሞም ያ ሁሉ እንክብካቤ ለሁሉም አልደረሰም። ድኻ ሆና ዘመድ የሌላት ሴት በወለደች በሳምንቷ እንስራ ተሸክማለች። ሴት የወለደችም ወንድ እንደወለደችው እልል አልተባለላትም።

ጎበዝ ወራሽ ቢሆን ኖሮ ከተማው እንገሩን የሚያስደፋውን፣ መስኮት የሚያዘጋውን ጥሎ የሚያሳርፈውን ይዞ ይሄድ ነበር። የተገላቢጦሽ ሆነ። ገንፎው አለ፣ ጥየቃው አለ፣ የክርስትናው ድግስም ከአቅም በላይ ሆኖ አለ። በላዩ ቤቢ ሻወሩ፣ ፊኛው፣ ዲኮሩ፣ ፎቶ አንሺው ተጨምሯል። የጠፋው ሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑን የሚቀበል ሰው ነው። አያት ክፍለ ሀገር ናት፤ ብትመጣም ለወር ነው፤ እሷም የምታርሰው ማሳ፣ የምታልባት ላም አለቻት። ጎረቤት በኮንዶሚኒየሙ በር ለበር ቢሆንም ሥራ ውሎ ማታ ነው የሚገባው። አራሷ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሊፍት የለም፤ ከወሊድ በፊት በየቀኑ ታገኘው የነበረው ሰው ሁሉ ከታች ቀርቷል። እኛ ለፊኛው የምናወጣውን ብር አስበን አናውቅም እንጂ በአንድ ቀን የዲኮር ኪራይ አንዲት ልብስ አጣቢ ለብዙ ቀናት በተከፈለች ነበር። (ይህን ያልኳቸው ወዳጆቼ «ታዲያ በፎቶው ላይ አጣቢዋ ትታያለች?» ብለው ስቀውብኛል። ቀልዱ ውስጥ እውነት አለበት።)

የአያትን ቦታ በአብዛኛው የያዘችው የቤት ሠራተኛ ናት። ገንፎውን የምታገነፋው፣ ጨርቁን የምታጥበው፣ እናትየው ሥራ ስትገባ ሕፃኑን ቀን ሙሉ የምትይዘው እሷ ናት። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ ለእሷ አይደርሳትም፤ የቤት ውስጥ ሥራ በአዋጁ ሽፋን ውስጥ አልገባም። የሌላዋን አራስ የምታርሰው ልጅ ያረገዘች ቀን ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ስለ እናቶች እንክብካቤ የሚጻፍ ጽሑፍ እሷን ከዘለለ ስለ ጥቂት እናቶች ብቻ ነው የሚጽፈው።

ሕጉ ላይ ከደረስን አይቀር፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድ ከቀድሞው 60 ወደ 90 ቀን ከፍ ማድረጉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የጤና ሚኒስቴርም የዓለም ጤና ድርጅትም ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ወተት በቀር ውኃ እንኳ አይቅመስ ይላሉ። ዘጠና ቀን በየትኛውም አቆጣጠር ስድስት ወር አይሆንም። በዚያ መሃል ያለውን ክፍተት የምትሞላው እናትየው ናት፤ በቢሮ መጸዳጃ ቤት ቆማ ወተቷን እያለበች፣ ጡቷ እየፈሰሰ ስብሰባ እየተቀመጠች፣ ከሌሊት እንቅልፏ ላይ እየቀነሰች። የሕፃናት ማቆያ የከፈቱ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ቁጥራቸው ግን ከሚያስፈልገው ጋር አይነጻጸርም። ጉሊት ለምትቸረችረዋ፣ እንጀራ ጋግራ ለምትሸጠዋ ደግሞ ፈቃድ የሚሰጣትም የሚከለክላትም የለም፤ ያልሠራች ቀን አትበላም።

ለአባትየው አዋጁ ሦስት ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ሰጥቷል። ከምንም ይሻላል፤ በቀድሞው አዋጅ ይህም አልነበረም። ግን የቀኑን አቀማመጥ ተመልከቱት። የእናት ወተት ሞልቶ የሚወርደው፣ ጡቷ ተወጥሮ የሚያቃጥላት፣ የለቅሶ ስሜቷም ብቅ የሚለው በአብዛኛው ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ቀን ግድም ነው። ባል ወደ ሥራው የሚመለሰው ልክ በዚያው ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሐኪም ቤት ካርድ ሲያወጣ፣ መድኃኒት ሲገዛ፣ ስልክ ሲመልስ ያሳልፋቸዋል። ሰው የሚያስፈልጋት ሰዓት ሲደርስ ሰውየው ቢሮ ነው። ሕግ አውጪው ቀኑን እንዲያራዝመው እመኛለሁ፤ እስከዚያ ግን የዓመት ፈቃዱን ለክርስትናው ድግስ ከሚያጠራቅም ለሁለተኛው ሳምንት ቢያወጣው ሚስቱን ይጠቅማታል። ሌሊት ቢያንስ አንዱን መነሣት ተቀብሎ ሕፃኑን ቢለውጥና ለእናቱ ቢያቀብል ደግሞ ፈቃድ አያስፈልገውም። ማጥባት ብቻ ነው የማይችለው።

ጉዳዩን በሌላ አገር እንዴት እንደያዙት ማየት አይከፋም። በኔዘርላንድስ ክራምዞርግ የሚሉት አሠራር አለ። አንዲት የሠለጠነች ተንከባካቢ አራሷ ቤት ድረስ ለአንድ ሳምንት ያህል ትመላለሳለች። የእናትየውን ቁስልና ደም ታያለች፣ አጠባቡን ታስተካክላለች፣ ቤቱን ጠራርጋ ምሳ ታቀርባለች፣ የመጣን እንግዳ ታስተናግዳለች። ክፍያው በአብዛኛው በመሠረታዊው የጤና መድን የተሸፈነ ነው። እኛ ዘንድ እናትና አማት ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ እነሱ ለባለሙያ ሰጥተው ሥርዓት አበጁለት። በአንጻሩ አሜሪካ በፌዴራል ሕጓ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ማለት ነው፣ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ትፈቅዳለች፤ እሱንም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት ለሠራች። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከአዲስ አበባ እናታቸውን ለማስመጣት ቪዛ የሚማስኑት ለዚህ ነው። እማማ የአጥሚት ዱቄትና የነጠረ ቅቤ በሻንጣ ይዘው ይሄዳሉ። ቪዛ የተከለከሉ ቀን የልጅቱ አራስነት በስልክ ምክር ይሆናል። ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም በአገር ቤት ሳሉ አራሷ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን በተለየች ጎጆ ትቀመጥ ነበር። መገለል ነበረበት፤ ሆኖም ምጣድና ማድጋ የማይደርስባት ዕረፍትም ነበረበት። ጎጆዋ ስትቀር ሁለቱም አብረው ቀሩ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሰውነት ነው። ስለ አእምሮዋ ግን ባህላችንም ሐኪም ቤታችንም ዝም ብለዋል፤ እዚህ ላይ የድሮው ከአዲሱ አይሻልም። ከወለደች በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሆዷ እየባባ የምታለቅስ ሴት ብዙ ናት። ከአራሶች ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይህ ይነካቸዋል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ያልፋል። ያላለፈ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ተሰጥቷት እንኳ ካልተኛች፣ ሕፃኑን ስታየው ምንም ካልተሰማት፣ ወይም ፍርሃት ቀፍድዶ ከያዛት ድባቴ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶው የአእምሮ ሕመም ያጋጥማቸዋል፤ ዋነኛው ድባቴ ነው። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ከአምስት አራስ አንዷ ማለት ነው። በያንዳንዱ ዕድር፣ በያንዳንዱ ቢሮ፣ በያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ አለች።

የት ነች ታዲያ? ፈገግ ብላ ገንፎ እየበላች ነው። ምክንያቱም «ከፋኝ» ብትል የሚሰጣትን መልስ ታውቀዋለች። «ስንቷ ለልጅ ገዳም ለገዳም ስትንከራተት አንቺ አግኝተሽ ታለቅሻለሽ?» ትባላለች። ከተቆጣች «አራስ ነብር» ተብላ ይሳቅባታል። ከባሰባት ዓይነ ጥላ ነው ይባላል። የአእምሮ ሕክምና ሲነሣም አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ይታየንና ስሙ ራሱ ያስደነግጠናል። ጸበል የሚወስዳት ይውሰዳት፤ ማንም አይከለክልም። ከሺህ ወሊድ በአንዱ ወይም በሁለቱ ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነገር ይመጣል፤ ሴቲቱ ቀናት ሙሉ አትተኛም፣ የሌለ ድምፅ ትሰማለች፣ በሕፃኑ ላይ የማይገባ ነገር ታስባለች። ይህ እንደ መድማት ያለ አጣዳፊ ሕመም ነውና ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ነገ አይባልም። መድኃኒት አለው፤ ትድናለች።

ድባቴውን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነው የኤዲንብራ መጠይቅ አሥር ጥያቄ ብቻ ነው፤ በአማርኛም ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ ተሞክሯል። ከዚያም ያጠረ አለ፦ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ብዙ ጊዜ መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሻል ወይ? ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ደስ ማለቱን አቁሟል ወይ? ሁለት ጥያቄ ነው። ሕፃኑ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ክትባት ይወስዳል። ይዛው የምትመጣው እናቱ ናት። ተመዝኖ፣ ተወግቶ፣ ካርዱ ላይ ተጽፎ ይመለሳል። በእነዚያ ሦስት ቀናት እናትየው በባለሙያ ፊት ቆማለች፤ ማንም ቀና ብሎ «አንቺስ?» አይላትም። እኔ የጤና ሚኒስቴርን አንድ ነገር ብቻ ለምኝ ብባል የምለምነው ይህን ነው፦ እነዚያ ሁለት ጥያቄዎች በክትባት ካርዱ ላይ ይጻፉ፤ «አዎ» ያለችው ወዴት እንደምትላክም አብሮ ይጻፍ።

ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል በአጠቃላይ የተረሳ ልጅ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ቁጥር፣ በወለደች በሁለት ቀን ውስጥ በባለሙያ የታየችው 17 በመቶዋ ብቻ ነበረች። በ2019 ወደ 34 በመቶ ከፍ አለ፤ እጥፍ መሆኑ ደስ ይላል። ሆኖም በዚያው ዓመት በጤና ተቋም የወለደችው 48 በመቶ ነበረች። ማለትም ተቋም ድረስ መጥታ፣ እዚያው ወልዳ፣ ሳትታይ የወጣች አለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ለ24 ሰዓት በተቋሙ እንድትቆይ፣ ከዚያም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት መሄድን የለመዱ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አራሷ በር ላይ እንዲደርሱ ማድረግ አዲስ መዋቅር አይጠይቅም።

እስከዚያው የእኛ የጠያቂዎች ድርሻ አለ። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ደውሉ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አትሰለፉ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የሕፃን ልብስ ከበቂ በላይ አላት፤ የበሰለ ወጥ ይዛችሁ ሂዱ። ሕፃኑን ከመሳማችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፤ ጉንፋን ከያዛችሁማ ቅሩ። በኦፕራሲዮን ለወለደችው «ሳታምጪ ወለድሽ» አትበሏት። ማንን እንደሚመስል ከመጠየቃችሁ በፊት እሷን አይታችሁ ጠይቁ፤ ስትመልስም ቸኩላችሁ «ይለመዳል» አትበሉ።

ከአራሷ ጋር የምታድሩት ደግሞ ይህን ዕወቁ። የደም መምጠጫውን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያረጥብ መድማት፣ ትኩሳትና የሚሸት ፈሳሽ፣ ዓይንን ከሚያደበዝዝ ነገር ጋር የሚመጣ ከባድ የራስ ምታት፣ የአንድ እግር ማበጥና ማመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራሷን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ የብርድ ነው፣ የዓይን ነው እያላችሁ አትማከሩ። ሌሊትም ቢሆን መኪና ጥሩና ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።